ሥጋ እንዴት አጥንትን ይገትራል?

ጠያቂ፦
ጠዋት ካልሲ ላጠልቅ ጎንበስ ስል ወገቤ አልታዘዝ ይለኛል። እግሬን አልጋው ጠርዝ ላይ ሰቅዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እንደ ምንም አጠልቃለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ ካልሁ በኋላ ግን ይለቀኛል። ራጅ ተነሥቼ «አጥንትህ ደኅና ነው፤ ጡንቻ ነው» ተባልሁ። እኔ ጡንቻ የሚያንቀሳቅስ እንጂ የሚያግድ አይመስለኝም ነበር።

ክብደት አንሺው፦
ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ሆድህን ጨምድደህ ዋል። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
ጡንቻው ተገፎ አጥንቱ፣ ዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) እና ጅማቱ ብቻ የቀረለት የአስከሬን ወገብ፣ በቤተ ሙከራ 90 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም 9 ኪሎ ያህል ሲጫንበት ይታጠፋል። እርስዎ ግን ቆመው የሚሸከሙት ደረትና ጭንቅላት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ልዩነቱን የሚሸፍነው ጡንቻ ነው። የሆድና የጀርባው በአንድ ጊዜ ሲሳሳቡ አከርካሪው ይጸናል፤ ነገር ግን ያው መሳሳብ ዲስኩን ይጨምቃል፣ እንቅስቃሴንም ያግዳል። ስለዚህ ሆድን ጨምድዶ መዋል ፍሬን ይዞ እንደ መንዳት ነው። ለከባድ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ለካልሲ ግን አይደለም።

የጠዋቱ ችግር የጡንቻ ብቻም ላይሆን ይችላል። ሌሊት ጫናው ሲቀንስ ዲስኮች ውሃ ስበው ያብጣሉ፤ ጠዋት ከማታው ትንሽ የምንረዝመውም ለዚህ ነው። ያበጠ ዲስክ መጎንበስን አይወድም። ካልሲውን ትንሽ ያቆዩት።

አንድ ነገር ይሞክሩ። ቆመው ከወገብ አከርካሪዎ ግራና ቀኝ ጣትዎን ያሳርፉና በቀስታ ጎንበስ ይበሉ። ጡንቻው መጀመሪያ ይወጠራል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ሸክሙን ለጅማቶቹ ለቅቆ መለስለስ አለበት። ወገባቸውን ከሚያማቸው ሰዎች በብዙዎቹ አይለቅም።

ጠያቂ፦
ከባለቤቴ ጋር ሞከርነው። የእሷ ከጣቴ ሥር ለሰለሰ፤ የእኔ እስከ መጨረሻው እንደ ጠፍር ድርቅ እንዳለ ቀረ። ትንፋሼን ይዤ እንደ ነበር ያወቅሁት «ተንፍስ እንጂ!» ስትለኝ ነው። ስተነፍስ ቀኙ ትንሽ ላላ፤ ግራው አሁንም አልሰማም። ያሳስባል?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
የግራና የቀኙ መለያየት ብቻውን አያስፈራም። እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠርም ካቃተዎ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከሌለ በየቀኑ እየተነፈሱ፣ ሳይታገሉ፣ በትንሽ በትንሹ ጎንበስ ቀና ይበሉ። ጡንቻው ጥበቃውን የሚተወው ሲለምድ እንጂ ሲገደድ አይደለም።

ክብደት አንሺው፦
እኔም በድብቅ ሞከርሁት። ሁለቱም ወገን አልለቀቀም።