በትንሽ ካምፒንግ ትሬለር ለመኖርና ለመጓዝ፦ ክብደቱ፣ ባትሪው፣ እርጥበቱ

ጥያቄ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔና ባለቤቴ አምስት ሜትር ርዝመት ባላት ባለ አንድ አክስል (የጎማ ዘንግ) ትሬለር እየተዘዋወርን ለወራት ልንኖር አስበናል። ወረቀቷ ላይ ባዶ ክብደት 1120 ኪሎ፣ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 1400 ኪሎ ይላል። ሁለት የ100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ፣ ሁለት የ9 ኪሎ ጋዝ፣ 100 ሊትር ውሃና ከኋላ የሚሰቀሉ ሁለት ብስክሌቶች ለመጫን ነው ሐሳባችን። የብርዱንም ወራት እዚያው ውስጥ የምናሳልፍ ይመስለኛል። ምን ጎደለን?

መልስ፦

ወንድሜ፣ የጎደላችሁ ሳይሆን የበዛባችሁ ነው የሚያሳስበው። እስቲ እንደምር። ከ1400 ላይ 1120 ሲቀነስ 280 ኪሎ ይቀራል። ባዶ ክብደት የሚባለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ባትሪና ጋዝን አይጨምርም። ሁለቱ የአሲድ ባትሪዎች 58 ኪሎ ገደማ፣ ሁለቱ ሙሉ ሲሊንደሮች ከነብረታቸው 34፣ ውሃው 100፣ ብስክሌቶቹ ከነመስቀያቸው 45 ኪሎ ይሆናሉ። ድምሩ 237 ነው። እንግዲህ ልብሱ፣ አልጋ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ምግቡ፣ መፍቻው፣ ወንበሩ ሁሉ በቀሪው 43 ኪሎ ውስጥ ሊገባ ነው። አይገባም።

ማቅለያው ከባድ አይደለም። ስትጓዙ 20 ሊትር ውሃ ብቻ ያዙና የቀረውን ደርሳችሁ ሙሉ፤ 80 ኪሎ ወረደላችሁ። ሁለቱን የአሲድ ባትሪዎች በአንድ የ100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ለውጡ። ክብደቱ 12 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ስለማይወርድ፣ አንዱ ሊትየም የሁለቱን ሥራ ይሠራል። ብስክሌቶቹን ደግሞ መኪናው ላይ ውሰዷቸው፤ የመኪናው ጣራ ምን ያህል እንደሚችል መመሪያው ላይ እዩ።

ብስክሌቶቹን ከኋላ አንሡ የምለው ለክብደቱ ብቻ አይደለም። ትሬለሯ መጎተቻ ኳሱ ላይ (መኪናው ጀርባ ላይ የምትያያዝበት ክብ ብረት) የምታሳርፈው ጫና በሰሜን አሜሪካ ልማድ ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ በአውሮፓ ከ5 እስከ 7 በመቶ እንዲሆን ይመከራል፤ የመጎተቻው አምራች ከጻፈው ጣሪያ ግን በፍጹም ማለፍ የለበትም። ከአክስሉ 2.5 ሜትር ወደ ኋላ የተሰቀለ 45 ኪሎ፣ ኳሱ ከአክስሉ 3.5 ሜትር ወደ ፊት ከሆነ፣ ከኳሱ ላይ 32 ኪሎ ያነሳል። ፊቷ ቀልሎ ጀርባዋ የከበደ ትሬለር ደግሞ ከባድ መኪና በአጠገቧ ሲያልፍ ወይም ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ጅራቷን መወዝወዝ ትጀምራለች። ከባዱ ዕቃ አክስሉ ላይ ወይም ከሱ ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ከላይ ያሉት ሳጥኖች ለልብስና ለወረቀት ናቸው።

መልስ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አለካኩን ልጨምር። ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ ትሬለሯን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከዚያ ኳሱ በሚገባበት ቦታ ሥር እንጨት አቁማችሁ እንጨቱን የሰው ሚዛን ላይ አሳርፉት። ከሚዛኑ አቅም በላይ ይሆናል ብላችሁ ከፈራችሁ ጠንካራ ጣውላ ውሰዱና አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አድርጉ። ጫናው ከጡቡ በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ ካረፈ፣ ሚዛኑ ያነበበውን በሦስት ማባዛት ነው። የጣውላው የራሱ ክብደት እንዳይቆጠር መጀመሪያ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ሲለካ ደግሞ ለጉዞ እንደተጫነች ይሁን፤ ባዶዋን መለካት ምንም አይነግራችሁም።

መወዛወዝ ከጀመረች የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፣ ነዳጅም ጨምራችሁ ለመጎተት አትሞክሩ። እግራችሁን ከነዳጁ አንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። የትሬለሯን ፍሬን ብቻ በእጅ የሚያሠራ መቆጣጠሪያ ካላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት።

ስታያይዙ፦ ኳሱን የሚይዘው ክፍል ከተቆለፈ በኋላ ጃኩን ትንሽ ወደ ላይ አሽከርክሩት። የመኪናው ጀርባ አብሮ ከተነሣ ይዟል፤ ትሬለሯ ብቻዋን ከተነሣች አልያዘም። ሰንሰለቶቹ ከሥር ይጠላለፉ፤ ድንገት ብትፈታ ምላሷ (ከፊቷ ወጥቶ ከኳሱ ጋር የሚያያዘው ብረት) አስፋልት ላይ ሳይሆን እነሱ ላይ ታርፋለች። የድንገተኛ ፍሬኑ ሽቦ ግን መኪናው አካል ላይ ለብቻው ይታሰር። ሰንሰለቱ ላይ ካሰራችሁት ሰንሰለቱ ሲለቅ እሱም አብሮ ይለቃል፣ ፍሬኑም አይሠራም።

ጎማን በተመለከተ ጥርሱን አይታችሁ አትታለሉ። ትሬለር ብዙ ስለምትቆም ጎማዋ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2321 ካለ በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት ካለፈ ቀይሩት። ጎማ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር እንደተጓዛችሁ ብሎኖቹን በቶርክ መፍቻ መልሳችሁ አጥብቁ። ስትቆሙ የጎማውን መሃል በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ ሞክሩት። የአንዱ ጎን ከሌላው በጣም ከጋለ ወይ ኩሽኔታው ግሪስ አጥቷል፣ ወይ ፍሬኑ ይዟል።

ጥያቄ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ አንድ ሊትየም ለኤሌክትሪኩ ይበቃል? አንድ የ100 ዋት ሶላር አለን።

መልስ፦

በበጋ ከቆጠባችሁ ይሞከራል፤ በብርዱ አይበቃም። በ12 ቮልት የሚሠራ የኮምፕረሰር ፍሪጅ በቀን 35 አምፔር ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ሙቀት ሲበረታ 50 ይደርሳል። የጋዝ ማሞቂያው ማራገቢያ 3 አምፔር የሚወስድ ቢሆንና በሌሊት ስምንት ሰዓት ቢዞር 24 ነው። መብራት፣ ስልክና የውሃ ፓምፕ 10 ጨምሩበት። ወደ 70 አምፔር ሰዓት መጣ። ጣራ ላይ የተኛ የ100 ዋት ሶላር ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከ25 እስከ 30 ይሰጣል፤ በደመናማ የብርድ ቀን ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለበጋው 300 ዋት ያህል ይኑራችሁ። ለብርዱ ግን ሶላር ላይ ብቻ አትደገፉ፤ በየጥቂት ቀኑ የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ካምፕ ግቡ።

ከመኪናው እየሞላን እንሄዳለን የሚሉ ብዙ ናቸው። ወደ ትሬለር የሚሄደው የመብራት ሶኬት ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ባትሪው ጋር የሚደርሰው ጥቂት ነው። ወፍራም ሽቦ ዘርግቶ ከባትሪው አጠገብ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር (የወደቀውን ቮልቴጅ ባትሪው ወደሚፈልገው የሚያነሣ መሣሪያ) ማስገባት ያስፈልጋል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በጣም ቅርብ ይሁን፤ ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሊትየም ከ0 ዲግሪ በታች እየቀዘቀዘ መሞላት የለበትም፤ ውስጡ ይበላሻል። ስለዚህ ውጭ ምላሷ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ይቀመጥ። የድሮው ቻርጀር ለአሲድ የተሠራ ከሆነም የሊትየም ማስተካከያ ያለውን ግዙ።

በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ውሃ ማፍላት ይቅርባችሁ። የ1500 ዋት ማፍያ ከ12 ቮልት ባትሪ 125 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። ጋዙ ለምን ተጫነ?

መስመር ባለበት ቦታም ልኩን እወቁ። 16 አምፔር በ230 ቮልት 3680 ዋት፣ 30 አምፔር በ120 ቮልት 3600 ዋት ነው። 6 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ካምፕ ግን 1380 ዋት ማለት ስለሆነ ማሞቂያውና ማፍያው አብረው ከተከፈቱ ብሬከሩ ይወርዳል። ገመዱ መጠቅለያ ላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፤ ተጠቅልሎ ብዙ ሲጭኑበት ግሎ ይቀልጣል።

መልስ፦

ስለ ብርዱ ማንም እርጥበትን አላነሣም። ትንሽ ትሬለርን ከብርዱ በላይ የሚጎዳት እሱ ነው። ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ ውሃ ያወጣል፣ ድስት ያወጣል፣ እርጥብ ፎጣ ያወጣል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ራሱ 1.6 ሊትር ውሃ በእንፋሎት ይሰጣል። ጢሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማሞቂያ ይህን ውሃ ይዞት ይወጣል፤ የምድጃው ግን እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። በምድጃ ቤት ማሞቅ በዚህም፣ ሽታ በሌለው ገዳይ ጋዝ በካርቦን ሞኖክሳይድም ምክንያት የተከለከለ ነው። ከሰልም በምንም ምክንያት አይገባም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መኝታው አካባቢ፣ የጋዙ ግን ወለሉ አጠገብ ይሁን፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል።

ሌሊት የጣራውን መተንፈሻ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፈቱ፣ ከሱ ራቅ ያለ አንድ መስኮትም እንዲሁ። ሙቀት ይባክናል ብላችሁ ከዘጋችሁት ጠዋት ግድግዳው ሁሉ ያልበዋል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ስቀሉና ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ለማቆየት ሞክሩ። መስኮት ላይ ከውስጥ የሚለጠፈው አንጸባራቂ መሸፈኛ መስታወቱን ይበልጥ ስለሚያቀዘቅዘው ከጀርባው ውሃ ይጠራቀማል፤ ከውጭ የሚለብሰው ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ፍራሹን ገልብጡ። ከሥሩ ድፍን ጣውላ ካለ የሰውነት እንፋሎት ፍራሹን አልፎ ቀዝቃዛው እንጨት ላይ ውሃ ይሆናል። መጀመሪያ ጨርቁ ላይ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፣ ቀጥሎ የሻጋታ ሽታ፣ ከዚያ ጣውላው ራሱ ይላላል። መፍትሔው አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ከሥሩ ማድረግ፣ ፍራሹን ከግድግዳ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማራቅና ቀን ቀን ማቆም ነው።

ጣራ አፍስሶ እንደሆነ ወይስ ላብ እንደሆነ ለመለየት፣ እርጥቡን ቦታ አድርቃችሁ ላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር ለጥፉበትና አሳድሩት። ጠብታው በእናንተ በኩል ከሆነ የቤቱ እርጥበት ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ። የጣራውን መጋጠሚያዎች በዓመት ሁለቴ እዩ። ሲልከን ግን አትቀቡ፤ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አይዝበትም፣ ፍቆ ለማንሳትም አበሳ ነው። ለጣራ የተሠራውን ማሸጊያ፣ ለመስኮት ዙሪያ ደግሞ ቡታይል ቴፕ (እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ የማሸጊያ ቴፕ) ተጠቀሙ።

ጋዙን በተመለከተ፦ 4.7 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ሳያቋርጥ ቢነድ የ9 ኪሎውን ሲሊንደር በ26 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። በከባድ ብርድ ግማሹን ጊዜ ስለሚነድ ለሁለት ቀን ቆጥሩት። ቡቴን ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ መትነኑን ስለሚያቆም ለብርድ ፕሮፔን ብቻ ነው። ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር ማያያዣውን በሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ካበጠ ዝጉና እንደገና አጥብቁ።

ጥያቄ፦

የውሃውንና የሽንት ቤቱን ነገርስ፣ እህት ወንድሞች?

መልስ፦

ታንከሩን መጀመሪያ በበረኪና አጽዱ። ሽታና ቀለም የሌለው፣ 5 በመቶ ገደማ የሆነ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ሒሳብ ነው፤ ለ100 ሊትር 100 ሚሊ። ከሞላ በኋላ የቀዝቃዛውንም የሙቁንም ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ ክፈቱ፣ ዝጉና አሳድሩ፣ ጠዋት ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ከካምፑ ቧንቧ በቀጥታ ስታገናኙ ግፊቱን ወደ 3 ባር የሚያወርድ መቀነሻ አስገቡ፣ አለዚያ መጋጠሚያዎቹ ይከፈታሉ። የውሃ ማሞቂያውን ከሙቁ ቧንቧ ውሃ መፍሰሱን ሳታዩ አታብሩት፤ ታንኩ ባዶ ከሆነ የኤሌክትሪክ ኤለመንቱ ወዲያው ይቃጠላል።

ውጭ ሲበርድ ማታ ማታ የውሃውን ጎማ ንቀሉና ከውስጥ ታንከር ተጠቀሙ። ሳታሞቁ ትታችኋት የምትሄዱ ከሆነ ሁሉንም አፍስሱ፣ ቱቦው ውስጥ የሚቀረውን በፕሮፒሊን ግላይኮል ተኩ። የመኪናው አንቲፍሪዝ ኤቲሊን ግላይኮል ስለሆነ መርዝ ነው።

ተነቃይ የሽንት ቤት ካሴት ከ18 እስከ 20 ሊትር ስለሚይዝ ለሁለት ሰው ሁለት ሦስት ቀን ቢሄድ ነው። ቋሚ ታንክ ከሆነ ቫልቩን ዝግ አድርጋችሁ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ብቻ ክፈቱት። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ይወርድና ደረቁ ተቆልሎ ይቀራል። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያውን አፍስሱ፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል። እርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ይሟሟል ቢልም፣ አይጣልበትም።

መልስ፦

አንድ ነገር ልጨምር፤ አውሮፓ ላላችሁ መንጃ ፈቃዳችሁን እዩ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተራው ቢ መንጃ ፈቃድ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ትሬለር የሚፈቅደው የመኪናውና የትሬለሩ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ ከ3500 ኪሎ ካላለፈ ነው። ለ1400ዋ ትሬለር የመኪናው ከ2100 አይበልጥም ማለት ነው። ቢ 96 የሚባለው ተጨማሪ ድምሩን እስከ 4250 ያደርሰዋል። ኢንሹራንስ ስትገቡም ለዕረፍት ሳይሆን ለመኖሪያ እንደሆነች በጽሑፍ አሳውቁ፤ አንዳንዱ ውል ቋሚ መኖሪያን አይሸፍንም።