አዲሱ ቤታ አሳችን በአራተኛ ቀኑ ሞተ፤ ምን አጥፍተን ይሆን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ጠዋት ልጄ ከእንቅልፏ እንደተነሳች እንደለመደችው ወደ አሳዋ ሄደች። ትንሽ ቆይታ «እማዬ፣ ለምንድን ነው የማይነሳው?» ብላ ጠራችኝ። ሄጄ ሳይ ሰማያዊው ቤታ አሳችን ዕቃው ውስጥ ከታች በጎኑ ተጋድሟል። በማንኪያ ጫፍ ነካ አደረግኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። ቤታችን ከገባ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር።

ያደረግነውን ሁሉ ልንገራችሁ። ያስቀመጥነው ሦስት ሊትር በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ነው። ፊልተርም (የውሃ ማጣሪያ) ማሞቂያም የለውም፤ ቤታ አያስፈልገውም ተብዬ ነበር። የቧንቧ ውሃ ቀድቼ ወዲያው ነው ያስገባሁት። የምትመግበው ልጄ ናት፤ ባየችው ቁጥር የራበው ስለሚመስላት በቀን ሦስት አራቴ ትሰጠዋለች። በሦስተኛው ቀን ውሃው ደፍረስ ሲልብኝ ሁሉንም ደፍቼ፣ ዕቃውን አጥቤ አዲስ ውሃ ሞላሁለት። ያን ዕለት ማታ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ እየወጣ አፉን ይከፍት ነበር። ምግብ የፈለገ መስሎኝ ጨመርኩለት። ጠዋት ሞቶ አገኘነው።

ልጄ ሌላ አምጪልኝ እያለች ነው። ምክንያቱን ሳላውቅ ግን ሌላ ነፍስ ማምጣት አልፈልግም።

መልስ 1

አይዞሽ እህቴ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ክሎሪንን ነው። የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። እኛን ምንም አያደርገንም፤ የአሳን ስንጥብ (ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበትን አካል) ግን ያቃጥላል። ውሃውን በሙሉ በቀየርሽበት ማታ መታመሙም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሌላ ጊዜ ውሃውን በሰፊ ባልዲ ቀድተሽ ለ24 ሰዓት ሳትከድኚ አስቀምጪው። ክሎሪኑ በንኖ ይወጣል።

መልስ 2

ክሎሪን በሚለው እስማማለሁ። ስለማሳደሩ ግን አንድ ነገር ላክል። አንዳንድ ቦታ በክሎሪን ፋንታ ክሎራሚን ነው የሚጨመረው። እሱ ደግሞ ውሃው ቢያድርም በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ለአኳሪየም (ለአሳ ማኖሪያ ዕቃ) ተብሎ የተዘጋጀውን የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ መጠቀም ይሻላል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል።

ዕቃውን በምን አጠብሽው? ሰውነቱ ላይስ ያየሽው ነገር ነበር?

የጠያቂዋ ምላሽ

በሙቅ ውሃ ብቻ ነው ያጠብኩት፣ ሳሙና አልነካውም። ሬሳውን ነጭ ሶፍት ላይ ሳስቀምጠው የስንጥቡ ክዳን ገለጥ ብሎ ውስጡ በጣም ቀልቶ አይቻለሁ። ቁስልም ነጠብጣብም የለውም። ክንፉም አልተበጣጠሰም።

መልስ 3

ልጄ፣ እንደ አባት ልምከርሽ። ቤታ ሳረባ ብዙ ዓመቴ ነው። የጤነኛ አሳም ስንጥብ ቀይ ስለሆነ በቅላቱ ብቻ አልፈርድም። የነገርሽን ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ግን የሚወስደኝ ወደ አሞኒያ ነው።

አሳ የሚኖረውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ከስንጥቡ አሞኒያ ይወጣል። ኩሱና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። ውሃው ጥርት ብሎ እያየሽው መርዝ ሊሆን ይችላል፤ አሞኒያ ቀለም የለውም። በቆየ አኳሪየም ውስጥ ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የአሳው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፤ እሱ ካልበዛ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በዋናነት የሚኖሩት የፊልተሩ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አንቺ ቤት ግን ዕቃውም ውሃውም አሳውም አንድ ቀን ነው የገቡት።

ሦስት ሊትር ውሃ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፣ መርዙ ቶሎ ይከማቻል። ውሃው የደፈረሰውም ከተረፈው ምግብ ይመስለኛል። አሳው ሦስት ቀን ሙሉ ሲዳከም ከርሞ፣ በዚያ ላይ ክሎሪን ያለበት፣ ሙቀቱም ፒኤቹም (የአሲድነቱ መጠን) የተለየ ውሃ ባንዴ መጣበት። ድንገት የሞተ የሚመስለው ለእኛ ነው እንጂ እሱ ሲታገል ነው የሰነበተው።

አፉን ይከፍት ነበር ላልሽው፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል አለው። አልፎ አልፎ ወጥቶ አየር መሳቡ ጤና ነው። ቶሎ ቶሎ ከሆነ ግን ጭንቀት ነው። በትንሽ ኩባያ እየተደረገ የሚሸጠውም በዚህ ተፈጥሮው የተነሳ ነው። አየር መሳቡ ግን ከመርዝ አያድነውም። በትውልድ አገሩ በታይላንድ በሩዝ ማሳና በረግረግ ነው የሚኖረው። እዚያ ውሃው ጥልቀት አይኑረው እንጂ ሰፊና ሞቃት ነው፣ ዕፅዋትም ሞልቶበታል።

መልስ 4

ስለ ሙቀት ማንም በዝርዝር ስላልተናገረ ነው። ቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በእጅ ነክቶ ማወቅ አይቻልም፤ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ውሃው ሲቀዘቅዝበት አይበላም፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይወርዳል። ማሞቂያ አያስፈልገውም ያለሽ ሰው አሳስቶሻል።

መልስ 5

እህቴ፣ ልጅሽን እንዳትቆጫት። የእኔም ልጅ እንደዚያው ነበር። የቤታ ሆድ የዓይኑን ያህል ነው ይባላል። እንክብል ምግብ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ማታም እንደዚያው ይበቃዋል። እኛ ጠዋት የቀኑን ቆጥረን የጠርሙስ ክዳን ላይ እናስቀምጥለታለን። ክዳኑ ባዶ ከሆነ የዚያን ቀን ምግብ አለቀ ማለት ነው። ልጄ አሁን መቁጠሩን ራሱ ይወደዋል። በጥቂት ደቂቃ ያልበላውን በማንኪያ አውጪው።

መልስ 6

አሳው ታሞ መጥቶም ሊሆን ይችላል። ስትመርጪ ጣትሽን ወደ መስታወቱ አስጠጊ፤ ጤነኛ ቤታ ዞር ብሎ ያይሻል። ቅርፊቱ ከቆመና ሆዱ ካበጠ ተይው። ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ፣ ወይም በባትሪ ሲበራበት የወርቅ ብናኝ የሚመስል ነገር ካየሽም በሽታ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነፍሳት መግደያ ረጭታችሁ ከነበረ እሱም ይገድላል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ምንም አልረጨንም። ጋሼ፣ ሲያነቡት ቀላል ነው፣ እኔ ግን ማታ ምግብ የጨመርኩበት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አሁን በትክክል ልጀምር። ከየት ልነሳ?

መልስ 3

ያላወቅሽውን ነው ያደረግሽው፤ በዚህ ራስሽን አትጉጂ።

20 ሊትር አካባቢ የሚይዝ አኳሪየም ፈልጊ። ማሞቂያና የስፖንጅ ፊልተር ይኑረው። ረጅም ክንፉ በኃይለኛ ፍሰት ስለሚደክም ፊልተሩ ለስለስ ያለ ይሁን። ውሃውን ሞልተሽ ክሎሪኑን አጥፊ፤ ከዚያ ያለ አሳ አስነሺው። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት እንዲያገኙ በየቀኑ ቁንጥር የአሳ ምግብ ጣል አድርጊበት። በየሁለት ሦስት ቀኑ በመሞከሪያ ኪት ለኪው። መጀመሪያ አሞኒያው ይጨምራል፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ አሳውን ልታመጪ ትችያለሽ። በዋዜማው የተወሰነ ውሃ ቀይሪ።

ስታመጪው ከነፌስታሉ ውሃው ላይ ለ15 ደቂቃ አንሳፍፊው። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ከአኳሪየሙ ውሃ ጥቂት ጥቂት ጨምሪበት። በመጨረሻ አሳውን ብቻ በመረብ አውጥተሽ አስገቢው፤ የመጣበትን ውሃ ድፊው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ቀይሪ። መቼም ቢሆን ሙሉውን አትድፊ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቢው፣ ባክቴሪያዎቹን ትገያቸዋለሽ። ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ አለቅልቂው።

የጠያቂዋ ምላሽ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፤ ሦስት ቀን በተከታታይ ለክተናል። ሙቀቱ 26 ነው። ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር የምታመሳክረው ልጄ ናት፤ ግድግዳው ላይ በለጠፈችው ወረቀት በየቀኑ ትመዘግባለች። ቅዳሜ አሳውን ልናመጣ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ውሃውን እስከ አፉ ልሙላው?

መልስ 3

አይ፣ አምስት ሴንቲሜትር ያህል አጉድይው። ቤታ ይዘላል፣ ስለዚህ ክዳን አይለየው። በክዳኑና በውሃው መካከል ደግሞ የሚስበው አየር ያስፈልገዋል። ለልጅሽ የመጀመሪያውን ቀን እንዳትመግበው ንገሪያት፤ መብራቱንም አጥፍታ ትተወው፣ ይረፍ።