የዕብራይስጡ «አፍ» የእኛ አፍ አይደለም

በዕብራይስጥ «አፍ» ማለት አፍንጫ ነው። ይህን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ወዲያው የሚደርስበት ማብራሪያ አለ፦ ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ አፍና አፍንጫ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው፤ እንግዲህ ቃሉ በዘመናት ርዝመት ከአንዱ ወደ ሌላው ፈቀቅ ብሏል። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ሐሰትነቱ የሚታወቅበት መንገድ ከራሱ ከቃሉ የበለጠ ያስደስተኛል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

አፍንጫ በዐረብኛ «አንፍ» ነው። በግእዝም «አንፍ» ነው። ዕብራይስጡ ግን «ን»ን ጥሎ «አፍ» ብሏል። ይህ በአንድ ቃል ላይ ብቻ የደረሰ አደጋ አይደለም። ዐረብኛው «አንተ» ሲል ዕብራይስጡ «አታ» ይላል። ዐረብኛው ሴት ልጅን «ቢንት» ሲል ዕብራይስጡ «ባት»፤ ፍየልን «ዐንዝ» ሲል ዕብራይስጡ «ዔዝ» ይላል። እነዚህ ቃላት በትርጉም ምንም አያገናኛቸውም፤ የደረሰባቸው ነገር ግን አንድ ነው፦ ከሌላ ተነባቢ ፊት ያለ አናባቢ የቆመች «ን» ትዋጣለች። በጥንቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ «አታ» ሲባል «ታ» ይጠብቃል፤ የተዋጠችው «ን» ያለችው እዚያ ጥብቀት ውስጥ ነው።

እኛ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄድን። «ን» እና «ፍ» ቦታ ተለዋወጡና፣ ከኋላ ቅጥያ ተጨምሮበት፣ «አፍንጫ» ሆነ። ስለዚህ የዕብራይስጡ «አፍ» በእኛ ቤት ያለው ወንድሙ አፍንጫ እንጂ አፍ አይደለም። የአፋችን ዘመድ ሌላ ነው፦ ዕብራይስጡ «ፔ»፣ ዐረብኛው «ፈም» ይለዋል። የዕብራይስጥ «ፐ» ከእኛ «ፈ» ጋር መገናኘቷም ልማዷ ነው፤ «ፕሪ» እና «ፍሬ»ን ማየት ይበቃል። በሌላ በኩል ሶማልኛና ዐፋርኛ «አፍ»፣ ኦሮምኛ «አፋን» ሲሉ አፍንም ቋንቋንም ማለታቸው ነው። «አፋን ኦሮሞ» የሚለውን ስም የሰማ፣ እኛም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንደምንል ያስታውሳል።

ዕብራይስጥ ከአፍንጫ ያወጣው ዘይቤ ግን በእኛ የለም። ለእነርሱ አፍንጫ የቁጣ ቦታ ነው፤ «አፍ» ራሱ ቁጣ ማለት ይሆናል። በመዝሙረ ዳዊት 102፥8 ግእዙ «ርኁቀ መዓት» የሚለው፣ ማለትም ከቁጣ የራቀ፣ በዕብራይስጡ «ኤሬኽ አፓይም» ነው፤ ቃል በቃል «አፍንጫው የረዘመ»። ቶሎ የማይቆጣ ታጋሽ ማለት ነው። እኛ ግን በአፍ ሥልጣን ሠራን፦ አፈ ንጉሥ፣ አፈ ጉባኤ።

ሁለተኛው ወጥመድ ላም ነው። በዕብራይስጥ «ሌሔም» እንጀራ ነው፣ በዐረብኛ «ለሕም» ሥጋ ነው። እነዚህ ሁለቱ እውነተኛ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሥሩ ዋናውን ምግብ የሚያመለክት ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ምክንያት ያችው የቤተ ልሔም ከተማ በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ስትሆን በዐረብኛ ጆሮ «የሥጋ ቤት» ትመስላለች። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የትኛውን ትርጉም እንደያዘች ለማወቅ የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት ስም መጠየቅ ብቻ ነው፦ ቤተ ልሔም። ይህ ስም ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

እስከዚህ መልካም። ችግሩ «ላምም ሥጋ አላት፣ እንግዲህ ሦስተኛዋ እህት ናት» ሲባል ይመጣል። የግእዙ ቃል «ላህም» ነው፣ በሬውንም ላሚቱንም የሚጠራ፤ ብዙውም «አልህምት» ነው። የሚጻፈው በሀሌታው «ሀ» ነው። ዕብራይስጡና ዐረብኛው ቃል ግን የሐመሩን «ሐ» ይዘዋል፤ «ቤተ ልሔም»ን ስንጽፍም የምናስገባው ይህንኑ «ሐ» ነው። ሦስቱ ቋንቋዎች ደግሞ በ«ሐ» ጉዳይ ይስማማሉ፦ ግእዝ «ሰሐበ»፣ ዐረብኛ «ሰሐበ»፣ ዕብራይስጥ «ሳሐቭ»፤ ሁሉም ጎተተ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱንም ድምፆች ስለጣለ «ሰሐበ» ሳበ ሆነ፣ «ላህም» ላም ሆነ፤ ለጆሯችን ልዩነቱ ጠፋ። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር የምሰጋው ለዚህ ነው። ጆሮ የረሳውን ልዩነት የሚያስታውሰን የፊደሉ አጻጻፍ ነው፤ ፊደሉ ከሄደ ላምን ከቤተ ልሔም የሚለይልን ማስረጃ ከዓይናችን ይርቃል።

በዘመዳም ቋንቋዎች መካከል እንኳ ይህን ያህል ከተሳሳትን፣ ዝምድና በሌላቸው ዘንድ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡ። 7 አናባቢና 30 ያህል ተነባቢ ባለው ቋንቋ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ ይዞ ሊሠራ የሚችለው ቃል ወደ 210 ብቻ ነው። የዓለም ቋንቋዎች በሺህ ይቆጠራሉ። አጫጭር ቃላት ባይገጣጠሙ ነበር የሚገርመው። «ና» በኮርያኛ «እኔ» ነው። በዕብራይስጥ «እባክህ» የሚል የልመና ቃል ነው፤ ያውም በየዓመቱ የምንጠራው፦ ሆሣዕና «አድነን እባክህ» ማለት ነው፣ የመጨረሻዋ «ና» ከአማርኛው «ና» ጋር አትገናኝም። «ሻይ» በዕብራይስጥ ስጦታ ነው፤ የሚጠጣውን «ቴ» ይሉታል። የእኛ ሻይ ከቻይናው «ቻ» ተነሥቶ በፋርስ «ቻይ»፣ «ቸ» በሌለው በዐረብኛ «ሻይ» እየተባለ የመጣ የተውሶ ቃል ነው።

ድምፁም ትርጉሙም ሲገጥም ግን ብዙ ሰው እጁን ይሰጣል። የፋርሱ «ባድ» እና የእንግሊዝኛው «ባድ» ሁለቱም መጥፎ ማለት ናቸው፤ ሆኖም የፋርሱ ቃል በመካከለኛው ፋርስኛ «ወድ» ነበር፤ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ይራራቃሉ። ከሁሉ የሚደንቀው የአውስትራሊያው ነው። በ1960ዎቹ የቋንቋ ሊቁ ዲክሰን በሰሜን ኩዊንስላንድ የምባባራም ቋንቋን ከተናጋሪው ከአልበርት ቤኔት ሲመዘግብ፣ ውሻ በቋንቋው «ዶግ» ሆኖ ተገኘ፤ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። ከእንግሊዝኛ የተወሰደ አልነበረም። ጎረቤቱ ይዲኛ ውሻን «ጉዳጋ» ይለዋል፤ ምባባራም የቃላትን መነሻ የመጣል ልማድ ስላለው ከዚያው ጥንታዊ ቃል መሐል ያለው ብቻ ተረፈ።

ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ከአማርኛ የተወሰደ ነው» ሲላችሁ፣ ሌሎች ቃላትም በዚያው ሕግ መለወጣቸውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ለ«አፍ» አታ፣ ባትና ዔዝ መስክረዋል። ለ«ላም» የሚመሰክር አልተገኘም።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የቤታችሁ ቋንቋ ከጉራጊኛ፣ ከስልጢኛ፣ ከሐረሪ ወይም ከአርጎብኛ አንዱ ከሆነ፣ ወይም በአካባቢያችሁ የአማርኛ አነጋገር ለየት ያለ ስም ካለ፣ አፍንጫን ምን እንደምትሉት ጻፉልኝ። «ን» ከ«ፍ» በፊት መጥታ እንደሆነ፣ ከኋላ ሆና እንደሆነ ወይም ጨርሶ ጠፍታ እንደሆነ ለይታችሁ አመልክቱ፤ የሚጠብቅ ፊደል ካለም አትርሱት።