ለጎልፍ ጂቲአይ ቸርኬ፦ ከእነዚህ ከሦስቱ የቱ ይሻላል?

ማራኪ17፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ጎልፍ 5 ጂቲአይ ነው። የፋብሪካው ቸርኬ 17 ኢንች፣ 7.5ጄ (ስፋቱ በኢንች)፣ ኦፍሴት 51 (ቸርኬው መኪናው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከስፋቱ መሃል ወደ ውጭ ያለው ርቀት፣ በሚሊ)፣ ጎማው 225/45 (ስፋቱ 225 ሚሊ፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ)። የፊቶቹ በውስጥ ጠርዛቸው ስለተጣመሙ አራቱንም ልቀይር ነው። ከአዲስ አበባ የቀረቡልኝ እነዚህ ናቸው፦
ሀ) 18 ኢንች፣ 8.5ጄ፣ ኦፍሴት 35፣ 5 በ112 (አምስት የብሎን ቀዳዳ በ112 ሚሊ ክብ ላይ)፣ የመሃል ቀዳዳ 66.6
ለ) 17 ኢንች፣ 8ጄ፣ ኦፍሴት 45፣ 5 በ112፣ የመሃል ቀዳዳ 73.1
ሐ) 17 ኢንች፣ 7.5ጄ፣ ኦፍሴት 45፣ 5 በ114.3፣ ዋጋው ከሁሉም የወረደ
ሻጩ ስለ "ሐ" ሲናገር "ልዩነቱ 2 ሚሊ ናት፣ ይገባል" ይላል። መኪናው የሚውለው ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ ሲሆን አልፎ አልፎ ባሕር ዳርና ደባርቅ ይሄዳል።

ብሎንናዳዶ፦
ወንድምዓለም፣ "ሐ"ን አሁኑኑ ተወው። የ2.3 ሚሊ ልዩነት ማለት እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቦታው 1.15 ሚሊ ይሸሻል ማለት ነው። ብሎኑ በግድ ይገባል፤ ግን ጋደል ብሎ ስለሚገባ መቀመጫውን የሚነካው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ቁልፉ ጠብቋል ይልሃል፣ ጥቂት እንደተነዳ ይላላል። ካልላላም ብሎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይደክምና ይበጠሳል። ከመኪና ላይ ጎማ የሚወጣው እንዲህ ነው።

አሁን ኦፍሴቱን አብረን እናስላው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ነው፤ ስፋቱ ሲጨምር ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ኦፍሴቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ቸርኬው ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ይገፋል። "ለ" ከድሮው በግማሽ ኢንች ስለሚሰፋ በየጎኑ 6.35 ሚሊ ይጨምራል፣ በኦፍሴቱ ደግሞ 6 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ በውጭ በኩል 12 ሚሊ ገደማ ይጨምራል፣ በአሞርዛተሩ በኩል ግን ከድሮው ምንም ያህል አይለይም። ይህ ጥሩ ነው። "ሀ" በውጭ በኩል 29 ሚሊ ገደማ ይወጣል። ከኋላ ሰው ጭነህ ጉድጓድ ስትመታ ጎማው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይበላል። የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ስለሆነም መሪው በየጉድጓዱ ከእጅህ ይጎተታል፣ ኩሽኔታውም ያለ ዕድሜው ያረጃል።

የኔ ምርጫ "ለ" ነው። 225/45 ጎማው 8ጄ ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ ሌላ ጎማ መግዛት አያስፈልግህም።

ጎሚስታ ዘአዘዞ፦
በ"ለ" እስማማለሁ፣ ግን ሁለት ነገር ሳይሟላ እንዳታስገጥመው።

አንደኛ፣ የጎልፍህ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ክፍል) 57.1 ሚሊ ነው፣ የቸርኬው ቀዳዳ 73.1። መሃሉን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልጋል፣ ከ73.1 ወደ 57.1፣ አራት ፍሬ። ያለ ቀለበት ቸርኬው ትክክለኛው መሃል ላይ አይቀመጥም፤ በባላንስ ማሽን ፍጹም ሆኖ የወጣ ጎማ መንገድ ላይ መሪውን ያንቀጠቅጣል፣ ሰውም ባላንሱን ደጋግሞ ያሠራል። የአልሙኒየሙን ቀለበት ግዛ። በሊማሊሞ ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል የላስቲኩ ሊለሰልስና ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ብሎኑ። የፎልክስዋገን ብሎን ኤም 14 በ1.5 (ውፍረቱ 14 ሚሊ፣ በጥርሶቹ መካከል 1.5 ሚሊ) ነው፣ አንገቱም እንደ ኳስ ድቡልቡል። ከገበያ የሚገዛ ቸርኬ አብዛኛው የሚፈልገው ሾጣጣ አንገት፣ 60 ዲግሪ ነው። ድቡልቡሉን በሾጣጣ መቀመጫ ብታስገባው የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ይላላል። ስለዚህ 20 ሾጣጣ ብሎን ከቸርኬው ጋር እዘዝ። ርዝመቱን ለማወቅ በእጅ አስገባና ዙሩን ቁጠር፦ ከ8 ዙር ማነስ የለበትም። በጣም ረጅም ከሆነም ከሞዞው ጀርባ ካለው ነገር ጋር ይጋጫል።

ሲገጠም፦ የሞዞውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ የብሎኑ ጥርስ ላይ ግሪስ አትቀባ። መኪናው በክሪክ እንደተነሳ አምስቱንም በእጅ አስገባ፣ ከዚያ አንዱን እየዘለልክ በኮከብ ቅርጽ አጥብቅ። መጨረሻውን መሬት ካወረድከው በኋላ በቶርክ ቁልፍ 120 ኒውተን ሜትር። በአየር በሚሠራው መፍቻ አታስጨርሰው፣ ልኩን ማንም አያውቀውም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ እንደገና ፈትሽ።

ፋሲል ጂቲአይ፦
18 ክልክል ነው ለማለት አይደለም፤ 8ጄ፣ ኦፍሴት 45 ቢገኝ በ225/40 ይገባል። ግን የጎማውን ጎን አስቡት፦ 225/45 በ17 ላይ 101 ሚሊ፣ 225/40 በ18 ላይ 90 ሚሊ። በኮብልስቶንና በተሰበረ አስፋልት ጠርዝ ላይ ያቺ 11 ሚሊ ቸርኬውን ከመጣመም የምታድነው ናት። ለጎንደር 17።

ቸርኬው አሮጌ ከሆነ ደግሞ ፎቶ አይበቃም። ጎማው ወልቆ ባላንስ ማሽን ላይ ይሽከረከር፣ የውስጡ ጠርዝ ሲወዛወዝ ይታያል። የውስጥ ገጹ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠርጥር፤ የተበየደ ስንጥቅ ከሥሩ ይኖራል። ብየዳ አልሙኒየሙ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው አጠገቡ እንደገና ይሰነጠቃል። ከጀርባው የተጻፈውን የክብደት መጠንም አንብብ፦ በበሩ ምሰሶ ላይ ካለው የአክስል ክብደት ግማሹን መብለጥ አለበት። ቁጥር የሌለውን ቸርኬ አትግዛ።

ማራኪ17፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፍሬኑስ አይነካም? ስኮርታውስ በአዲሱ ብሎን ይታሰራል?

ብሎንናዳዶ፦
የፊት ዲስክህ 312 ሚሊ ነው፣ 17 ኢንች አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ግን አንዱን ቸርኬ ያለ ጎማ አስረህ በእጅ አሽከርክረው። በካሊፐሩና (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ በሚጫነው ክፍል) በቸርኬው ክንድ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ክፍተት ይኑር። ከውስጥ የሚለጠፈው የባላንስ እርሳስም ካሊፐሩን እንዳይነካ ለጎሚስታው ንገረው።

ስኮርታው የፋብሪካው ከሆነ የሚፈልገው ድቡልቡሉን ብሎን ነው። ከድሮዎቹ ብሎኖች አምስቱን በጨርቅ ጠቅልለህ ከክሪኩ ጋር አስቀምጣቸው።