የሕንፃ መግቢያ ላይ የአየር ብናኝ ሰሌዳ፦ ሹፌሩ ሞተር እንዲያጠፋ ምን ይታየው?

ሜክሲኮ_ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ላለ ሕንፃ ነው። ሰው የሚጠብቁ መኪኖች በር ላይ ሞተር ሳያጠፉ ይቆማሉ፤ ጭሱ ግራውንድ ላይ ወዳሉት ሱቆችና ወደ ደረጃው ይገባል። «ሞተር ያጥፉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ የሚያነበው የለም። ፒኤምኤስ5003 የተባለውን የብናኝ ሴንሰር ከኢኤስፒ32 (ንባቡን ከሚቀበል ትንሽ መቆጣጠሪያ) ጋር አያይዘን የፒኤም2.5 (በአየር ላይ ያለ በጣም ደቃቅ ብናኝ) መጠንን በኤልኢዲ ሰሌዳ ብናሳይ ለውጥ ይመጣል? የትስ ይሰቀል?

ብናኝ_ለኪ፦
ቁጥሩን ብቻውን አታሳዩ። «60» (ማይክሮግራም በሜትር ኩብ አየር) ሲያይ ሹፌሩ «የከተማው አየር ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ከፊሉ እውነትም የከተማው ነው። ሁለት ሴንሰር ግዙ፣ አንዱን በር ላይ፣ ሌላውን ጣሪያ ላይ ስቀሉና ሁለቱንም አሳዩ፦ «ጣሪያ 25፣ በር 60፣ እባክዎ ሞተር ያጥፉ»። ትርፉ 35 እዚያው በር ላይ የተጨመረ ነው። ኅዳር 12 ከተማው ቆሻሻ ሲያጥን ግን ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፤ ያን ቀን ሹፌሩን መውቀስ ያለ ጥፋቱ ነው።

ሰሌዳው የሚያሳየው አማካይ የ1 ደቂቃ ይሁን። የ1 ሰዓት ከሆነ ሞተሩን አጥፍቶም ሰሌዳው ቀይ እንደሆነ ይቆያል፤ የሥራውን ውጤት ሳያይ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የ15 ማይክሮግራም ወሰን የ24 ሰዓት አማካይ ስለሆነ ከደቂቃ ንባብ ጋር ጎን ለጎን አታስቀምጡት።

ሽቦና_ብየዳ፦
ከመስቀላችሁ በፊት ሁለቱን ሴንሰሮች ለ3 ቀን አንድ ቦታ አስቀምጡና ልዩነታቸውን መዝግቡ። ከ100 በታች የአምራቹ የስህተት ወሰን ±10 ማይክሮግራም ነው፤ ስለዚህ ከ10 በታች ለሆነ ልዩነት ቀይ አይብራ። ኃይሉ 5 ቮልት፣ የመረጃ መስመሩ 3.3 ቮልት ስለሆነ ከኢኤስፒ32 ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሲነሳ የመጀመሪያውን 30 ሰከንድ ንባብ ጣሉት።

ከፍታው 2 ሜትር ያህል ይሁን፣ ከዝናብ ይከለል፣ የአየር ማስገቢያው ግን አይታፈን። ከጀበና ቡናው ከሰልና ከእጣኑ አርቁት። በክረምት እርጥበቱ ከ80 በመቶ ሲያልፍ ብናኙ ውኃ ስለሚይዝ ንባቡ ያለ ጭስ ያብጣል፤ ጣሪያውም እንዲሁ ስለሚያብጥ ልዩነቱ ብዙም አይዛባም። ግንኙነት ሲቋረጥ የቆየው ቁጥር ተገትሮ እንዳይቀር ሰሌዳው ሰረዝ ያሳይ። አንድ ቀን የውሸት ቁጥር ካዩ ዳግም አያምኑትም።

ሜክሲኮ_ነዋሪ፦
እግዜር ይስጥልን። የቤንዚን መኪናስ ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል?

ብናኝ_ለኪ፦
ብዙ ጊዜ አያንቀሳቅሰውም። ብናኙን በብዛት የሚያወጣው አሮጌ ናፍጣ ነው። የቤንዚኑ ሹፌር ሰሌዳው ዝም ሲለው «እኔ ንጹሕ ነኝ» ይላል፤ ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ እያወጣ ነው፣ ይሄ ሴንሰር ደግሞ ጋዝ አይለካም። ለእሱ ከሰሌዳው ሥር ቋሚ ጽሑፍ አድርጉለት፦ ትንሽ መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል። ሰሌዳው ደግሞ ወደ መንገዱ ሳይሆን ሹፌሩ ቁጭ ብሎ በሚያየው በኩል ይዙር።