የእንቅልፍ ነገር፦ ለወረዳው የምናስገባው ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ወገኖች፣ እንደምን አመሻችሁ። የቀድሞ ወታደሮች ለአእምሮ ሕክምና እንዲሄዱ የምናግዝበት ዕቅድ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ረቂቁ ላይ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ስልጠና» ብዬ ጽፌ ነበር። ሳስበው ግን እዚህ ቱሉ ዲምቱ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን የማያውቅ የቀድሞ ወታደር የለም። የሚከብደው መሄዱ ነው። እስቲ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

ሻምበል፦ እውነት ነው። ከባድመ ከተመለስኩ በኋላ 20 ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» ስል ኖርኩ። ሻይ ቤት ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ ነው የምቀመጠው። ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። አንድ ክረምት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ትራንስፎርመር ፈነዳ። ጭቃው ላይ በደረቴ ተኛሁ። የያዝኳት ትንሿ ልጄም አብራኝ ወደቀች። በነጋታው ሐኪም ጋ የሄድኩት ለሷ ብዬ ነው። «ታመሃል፣ ታከም» አትበሉት። «ምን ቀረብህ? ምን እንዲመለስልህ ትፈልጋለህ?» በሉት። መልሱን ራሱ ሲናገረው ነው እግሩ የሚነሳው።

ሂሳብ ያዥ፦ ሻምበል፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኔ ባለቤት የሌሊት ጥበቃ ነው። እንቅልፍ ማጣቱን ሥራው ሸፈነለት። በመከራ ወስጄው የድብርት መድኃኒት ታዘዘለት፤ በ10 ቀኑ «አልሰራልኝም» ብሎ ጣለው። ለውጡ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንደሚፈጅ የነገረን አልነበረም። በነዚያ ሳምንታት የሚደውልለት ሰው በዕቅዱ ይግባ። የታክሲ ገንዘብም ይያዝልን፤ ለቀን ሠራተኛ መርካቶ አጠገብ ካለው አማኑኤል ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን እንጀራ ነው።

ሃምሳ አለቃ፦ «አእምሮ» የሚለውን ከምንለጥፈው ማስታወቂያ አውጡት። የኛ ሰው ያን አይቶ በዚያ በር አይገባም። «የእንቅልፍ ምክር» በሉት።

ነርስ፦ ጋሼ፣ በእንቅልፍ መጀመሩን እደግፋለሁ። ግን ተታለልን ካሉ ዳግም አይመጡም። ቁጭ ካሉ በኋላ ቅዠቱም፣ ድንጋጤውም፣ ቁጣውም የታወቀ ሕመም ሊሆን እንደሚችል፣ ከዓመታት በኋላም እንደሚታከም በግልጽ እንንገራቸው። «ጸበል ተዉ» የሚል ነገርም አይግባ። ጸበሉም ክኒኑም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ራሱን ስለማጥፋት ያነሳ ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በዚያው ቀን አብረነው እንሄዳለን። የጥበቃ መሣሪያውም ከእጁ ይራቅ።

ሃምሳ አለቃ፦ እሺ ልጄ፣ ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ፦ ስልጠናውን ሰረዝኩት። በምትኩ የቅዳሜ ጠዋት ቡና፣ የታከመ ጓድ አብሮ መሄድ፣ የ6 ሳምንት ስልክ እና የታክሲ ገንዘብ ገብተዋል። ሻምበል፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እርስዎ ይመሩልናል?

ሻምበል፦ እመራለሁ። ጀበናውን ከቤት አመጣለሁ።