በሙሉ ስንዴ ዱቄት ፍራፍሬ ያለበት ዋፍል የሚሰራ ሰው ካለ እስቲ ንገሩኝ

እናት ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ልጆቼ ጠዋት ጠዋት ከፍሪዘር የሚወጣው የካርቶን ዋፍል ካልሆነ ሌላ ቁርስ አንበላም ብለው አስቸግረውኛል። ካርቶኑን ገልብጬ ሳነበው መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ኤንሪችድ ፍላወር ነው፣ ያው ነጭ ዱቄት ማለት ነው፣ ብሉቤሪ የሚለውም ውስጡ ብሉቤሪው በመከራ ነው የሚገኘው። እና እቤት ልስራላቸው ብዬ ዋፍል ሜከር ገዛሁ፣ ቤልጂየም የሚሉት ጠለቅ ያለው አይነት። ዱቄቱን ሆል ዊት፣ ያው ሙሉ ስንዴውን ነው የምጠቀመው። ግን ከውጪ ይቀላል ውስጡ ይከብዳል፣ ሳህን ላይ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ይለሰልስና እጅ ላይ እጥፍ ይላል። ስትሮቤሪ ከትፌ ስጨምርበት ደግሞ ብረቱ ላይ ይጣበቅና ስከፍተው ግማሹ ላይኛው ግማሹ ታችኛው ላይ ይቀራል። ጥያቄዬ ሙሉ በሙሉ በሆል ዊት መስራት ይቻላል ወይስ የግድ ነጭ መቀላቀል አለበት? ፍራፍሬውስ መቼ ነው የሚገባው? ስኳር እንዲበዛበት አልፈልግም። ረቡዕና አርብ ደግሞ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ለነሱ ሌላ ለኔ ሌላ ሊጥ ማቡካት በጠዋቱ የሚታሰብ አይደለም። በናታችሁ የምታውቁ።

ዳቦጋጋሪው፦
እህቴ ይቻላል፣ ነጭ መቀላቀል ግዴታ አይደለም። ግን ነጩን አውጥተሽ በዚያው ልክ ሆል ዊት ብትተኪ አይሰራልሽም። ፉርሽካው ውሃ ይጠጣል፣ ያውም ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ሊጡን እንደመታሽው ወዲያው ብረቱ ላይ ካፈሰስሽው ፉርሽካው ገና አልራሰም፣ ስለዚህ ስትበይው ደረቅ ይልሻል መሀሉ ደግሞ ክብድ ይላል። አዋህደሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዝም ብለሽ ተይው። ሲቆይ ይወፍራል፣ ያኔ ወተት ጠብ ጠብ እያደረግሽ ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ አድርጊው፣ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር ያለ።

ልኩ ለኔ እንዲህ ነው፣ 2 ኩባያ ሆል ዊት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ቀረፋ። በሌላ እቃ 2 እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ከሦስት ሩብ ወተት፣ አንድ በጣም የበሰለ ሙዝ ተፈጭቶ፣ አንድ ሦስተኛ ኩባያ ዘይት ወይ የቀለጠ ቅቤ። በወተት ፋንታ አሬራ ወይ እዚያ በተርሚልክ የሚሉትን ከተጠቀምሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪ፣ ሶዳው ከኮምጣጣው ጋር ሲገናኝ ነው አረፋ የሚያወጣው። ደረቁንና እርጥቡን ስታዋህጂ አታብዢው፣ ትንሽ ትንሽ እብጠት ቢኖረው ችግር የለውም፣ ሲያርፍ ይሟሟል። ቀለል እንዲል ከፈለግሽ የእንቁላሉን ነጩን ለብቻ አረፋ እስኪሆን ምቺና ከእረፍቱ በኋላ መጨረሻ ላይ ቀስ ብለሽ አዋህጂው፣ እኔ ጊዜ ሲኖረኝ ብቻ ነው የማደርገው።

አሁን ቅባቱ ላይ ልምጣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚበላሽበት፣ ጤናማ ይሁን ተብሎ ዘይቱ ይቀነስና ከዚያ ዋፍል ሳይሆን ቅርጽ ያለው ዳቦ ይወጣል። ዋፍል ከፓንኬክ የበለጠ ቅባት ይፈልጋል፣ ከውጪ የሚደርቀውም ብረቱን የሚለቀውም በሱ ነው። ስኳሩን ቀንሺ ዘይቱን ተይው። ለብረቱ ደግሞ በቆርቆሮ የሚነፋውን ስፕሬይ አትጠቀሚ፣ ውስጡ ሌሲቲን የሚባል ነገር አለበት፣ ሲደጋገም ተቃጥሎ ይጋገርበታል ከዚያ ማጣበቅ ይጀምራል። በብሩሽ ዘይት ቀባ ቀባ ማድረግ ይበቃል። እንፋሎቱ በደንብ እስኪቀንስ እንዳትከፍቺው፣ የማሽኑን መብራት አትመኚ፣ መብራቱ የተሰራው ለነጭ ዱቄት ነው የሚመስለኝ። ሲወጣ ሳህን ላይ አትደራርቢው፣ የሚለሰልስብሽ በራሱ እንፋሎት ነው። የሽቦ መደርደሪያ ላይ አድርጊው፣ ወይም ሁሉም እስኪያልቅ ኦቨን ውስጥ 200 ፋራናይት ላይ።

ስትሮቤሪ እኮ ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ነው። ብረቱ ላይ ሲያርፍ ውሃው ሊጡን ያረጥበዋል ስኳሩ ደግሞ ይቃጠልና እንደ ሙጫ ይይዛል። ሊጥ ውስጥ የሚገባው የተፈጨ ሙዝ፣ ተፍቆ በእጅ የተጨመቀ ፖም፣ ብሉቤሪ ነው። ብሉቤሪውን ከፍሪዘር እንዳወጣሽው ሳይቀልጥ፣ ሊጡን ካፈሰስሽ በኋላ በላዩ በትኚና ትንሽ ሊጥ ደርቢበት፣ ብረቱን እንዳይነካ ነው ነገሩ። ስትሮቤሪ፣ ማንጎ፣ ኮክ ምናምን ሲበላ ከላይ።

ሸገር፦
ኸረ ገንፎ እያለላችሁ 😂 የገብስ ገንፎ ሙሉ እህል አይደለም እንዴ፣ ዋፍል ሜከር አያስፈልገው ምን አያስፈልገው

እናት ከሜሪላንድ፦
@ሸገር እሺ አንተ ና አብላልኝ 😅 የኔዎቹ ገንፎ ሲያዩ ክፍላቸው ገብተው ነው በር የሚዘጉት። @ዳቦጋጋሪው ተባረክ ወንድሜ፣ 20 ደቂቃ ማሳረፉን ማንም አልነገረኝም ነበር። ግን ጠዋት 20 ደቂቃ ከየት ይመጣል?

ዳቦጋጋሪው፦
ቅዳሜ ብዙ አድርገሽ ሰርተሽ ፍሪዘር አስገቢ። ትንሽ ሳይቀላ አውጪው፣ ሽቦ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቀዝ፣ ትሪ ላይ ሳይነካካ ይጠንክር፣ ከዚያ ዚፕሎክ ውስጥ። ጠዋት ቀጥታ ቶስተር። ልጆቹ ከካርቶን የወጣ ይምሰላቸው ምን ቸገረሽ።

ዱባይ ያለችው፦
እኔ ያለሁት ዱባይ ነው፣ ማዳሜ ቤት ልጆቹ ዋፍል በሳምንት ብዙ ጊዜ ይበላሉ። እዚህ ሕንዶቹ ለቻፓቲ የሚጠቀሙት አታ የሚባል ዱቄት አለ፣ ከሙሉ ስንዴ ነው ግን በጣም ልም ነው፣ ከሌላው ብራውን ዱቄት በጣም ይሻላል፣ አፍ ላይ አይቆረቁርም። አሜሪካም የሕንድ ሱቅ ሞልቶ የለ እዛ ጠይቂ፣ ብቻ ከረጢቱ ላይ ከማይዳ ጋር የተቀላቀለ እንዳይሆን አንብቢ፣ ማይዳ ነጭ ዱቄት ነው። ለስኳሩ ደግሞ ተምር። 6 ወይ 7 ተምር ውስጡ ያለውን ፍሬ አውጥተሽ በፈላ ውሃ ትዘፈዝፊና ሲለሰልስ ከወተቱ ጋር ብሌንደር። ከተምር ጋር ግን ቶሎ ይጠቁራል፣ ሙቀቱን ትንሽ ዝቅ አድርጊው።

ጾመኛዋ፦
ስለ ጾሙ እኔ ልመልስልሽ። ሁለት ሊጥ አታቡኪ፣ ረቡዕና አርብ ለሁሉም የጾም አድርጊው፣ ልጆቹ አያውቁም። ለእያንዳንዱ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ተይው፣ ይለጠልጣል፣ እሱ ነው የሚያያይዘው። እኛ ቤት ያለው ተቆልቶ የተወቀጠው ተልባም ይሰራል፣ እንደውም ሽታው ደስ ይላል። ወተቱን በአጃ ወይ በአኩሪ አተር ወተት ቀይሪ፣ በኩባያ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሪበት እንደ አሬራ እንዲቆመጥጥ፣ ሶዳውን አትርሺ። ዘይቱ ያው ነው። ያለ እንቁላል ሲሆን ቶሎ አይጸናም ስለዚህ ከሌላው ቀን ሁለት ደቂቃ ያህል አስረዝሚው፣ ቀድመሽ ከከፈትሽው በቃ ለሁለት ይሰነጠቃል። እና ለኛ ቁርስ አይደለም መቼም፣ እስከ 9 ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ያንቺን ሽቦ ላይ ተይውና ሰዓቱ ሲደርስ ቶስተር ውስጥ ክተቺው፣ ይታደሳል።

ከአዲስ አበባ፦
እዚህ ላሉ ሰዎች ደግሞ ልጨምር፣ ሱፐርማርኬት ሆል ዊት የሚል ፈልጋችሁ በውድ አትግዙ። ስንዴ ገዝቶ ለቅሞ ወፍጮ ቤት ወስዶ ልም አድርጉልኝ ማለት ነው፣ አለቀ። ሳይነፋ ነው ታዲያ፣ ከነፋችሁት ፉርሽካው ይሄድና ትርፉ ድካም ነው። ፉርኖ ዱቄት የምንለው እኮ ነጩ ነው። ከወፍጮ ሲመጣ ትኩስ ስለሆነ አስጥታችሁ አብርዱት ከዚያ እቃ ውስጥ። ሙሉ ዱቄት የእህሉ ዘይት ውስጡ ስላለ እንደ ፉርኖ ወራት አይቆይም፣ ይመራል፣ ትንሽ ትንሽ ማስፈጨት ወይ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ፍራፍሬ መቼም እዚህ አልጠፋም፣ ለሊጥ የአርባ ምንጭ ሙዝ በደንብ ጥቁር ጥቁር ያለበትን። አናናስና ፓፓያ ግን ሊጥ ውስጥ አትክተቱ፣ ጥሬያቸውን ከወተት ጋር ከቆዩ ወተቱን ያመሩታል፣ ፕሮቲኑን የሚሰብር ነገር አላቸው። ሲበላ ከላይ ማድረግ ነው።

ጤፍስ የሞከረ አለ? እኔ ከዱቄቱ ሩቡን ጤፍ አደርጋለሁ ቡኒውን፣ ከሙዝና ከኮረሪማ ጋር ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

ዳቦጋጋሪው፦
@ከአዲስ አበባ ልክ ነህ እስከ ሲሶ ድረስ ይሄዳል። ጤፍ ሊጡን የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ብቻውን ከሆነ ይፈረፈራል አፍ ላይም አሸዋ አሸዋ ይላል፣ እንቁላል መጨመር የግድ ነው። ግን ሙሉ እህል ለሚፈልግ ከሱ የሚቀድም የለም፣ ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ልጣጩን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፣ ነጭም ሆነ ቀይ ጤፍ ስትበላ ሙሉውን ነው የምትበላው።

ነርሷ፦
ሁለት ነገር። ሴሊያክ (ግሉተን አንጀቱን የሚጎዳበት በሽታ) ያለበት ልጅ ያላችሁ ጤፍ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ ጤፍ ንጹህ አይደለም፣ ዋፍል ሜከሩም የስንዴ ሊጥ የገባበት መሆን የለበትም፣ እዚያ ሽንቁር ውስጥ የቀረውን ማንም አጥቦ አይጨርሰውም።

ሌላው ሲረፑ ነው። ዱቄቱ ላይ ይህን ሁሉ ተጨንቃችሁ ከላይ ሲረፕ ስታፈሱ ነገሩ ይፈርሳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሜፕል ሲረፕ 12 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ሁለት ማንኪያ ካፈሰስሽ የቀኑ አለቀ፣ ልጆች ደግሞ ሁለት ማንኪያ አይበቃቸውም። ማርም ጤናማ ነው ይባላል እንጂ አንዱ ማንኪያ 17 ግራም አካባቢ ነው። የፈሳሽ ነገር ከፈለጉ የፍሪዘር ስትሮቤሪ ያለ ስኳር መጥበሻ ላይ ጣድ አድርጊው፣ በ5 ደቂቃ የራሱን ጭማቂ ያወጣል፣ ትንሽ ሎሚ፣ ትኩሱን ላዩ ላይ። ወይ እርጎ ከተከተፈ ማንጎ ጋር። በነገራችን ላይ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕጻን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፣ ሊጥ ውስጥ ገብቶም ቢሆን፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

እናት ከሜሪላንድ፦
ዋው ስንት ነገር ነው የተማርኩት። እሺ ቅዳሜ አታውን ፈልጌ እሞክረዋለሁ፣ ስትሮቤሪው ከላይ። @ነርሷ ጭራሽ ሲረፕ የሚባል አላይም ካልኳቸው ግን ዋፍሉንም አይነኩትም 😩

ነርሷ፦
አትከልክያቸው፣ ጠርሙሱን ብቻ አትስጫቸው። በትንሽ ሲኒ አንድ የሻይ ማንኪያ አድርጊና እየነከሩ ይብሉ።

ሸገር፦
ስቄ መጣሁ እንጂ እኔም አማረኝ ጎበዝ። አሜሪካ ያለች እህቴ በክረምት ትመጣለች፣ ዋፍል ሜከር አምጪልኝ ብላት እዚህ ይሰራል?

ዱባይ ያለችው፦
@ሸገር እንዳታስመጣ ወንድሜ፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ አዲስ አበባ 220 ላይ ስትሰካው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይገኛል ግን ዋፍል ሜከር ብዙ ዋት ስለሚወስድ ትልቁንና ከባዱን ነው የሚፈልገው፣ ከማሽኑ በላይ ያስወጣሃል። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካለህ ከዚህ አስገዛ፣ መብራቱ አንድ አይነት ነው፣ ሶኬቱ ብቻ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ስለሆነ መቀየሪያዋን እዚያው መርካቶ ታገኛለህ። ሲገዙልህ ሳህኑ የሚወልቅ ይሁን በላቸው፣ የማይወልቀውን ማጠብ ስቃይ ነው።